እንጨቱ አልጠመመም

ሰው የሚፈልገውን ሰው ቀጥሮ ያጣዋል፤ የማይፈልገውን ግን በር ላይ ያገኘዋል። በዚያ ሰኞ ጠዋት አባ ብርቱ ከማንም ጋር መገናኘት አልፈለጉም ነበር። የሞተር መጋዛቸውን በጆንያ ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው ወደ ብረታ ብረት ሱቁ ሲገቡ፣ የሟች ወንድማቸው ልጅ የብሎን ከረጢት ይዛ ስትወጣ ግንባር ለግንባር ከመጋጨት ለጥቂት ተረፉ።

«ውይ አጎቴ! ይቅርታ፣ አላየሁዎትም» አለች ደንግጣ። «ደህና አደሩ? እማማስ ደህና ናቸው?»

«ደህና ነን፣ ተመስገን። አንቺስ መቼ መጣሽ?»

«ትናንት ከሰዓት ገባሁ። የእረፍት ሳምንቴ ነው። ምነው፣ በማለዳ መጋዝ በጆንያ ጠቅልለው የት ነው?»

«እንዳልታይ ብዬ ነበር በማለዳ የመጣሁት» አሉ አባ ብርቱ።

አባ ብርቱ ማን እንደሆኑ ካልተነገረ ግን ነገሩ አይገባም። ይህን ስም እናታቸው አላወጡላቸውም፤ ያወጣላቸው ሥራ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ግንድ ሲሰነጥቁ ኖረዋል። ሁለት ጎረምሳ ያቃተውን ጉማጅ ብቻቸውን አገላብጠዋል። መጋዙ አልገባም ሲል በክንዳቸው ተጭነው ያስገቡታል። በጣውላ ቆራጮቹ ዘንድ ደግሞ አንድ ወግ አለ፦ ከሥራ ሲመለስ ቅንድቡ ላይ ሰጋቱራ የበዛበት ሰው ጀግና ይባላል፤ ቁጭ ብሎ የመጋዙን ሰንሰለት ሲሞርድ የተገኘ ደግሞ «ሹራቡን ለማን ነው የምትሠራው?» ተብሎ ይሾፍበታል። ይህን ሹፈት ከሁሉ አብዝተው ያሾፉት አባ ብርቱ ራሳቸው ነበሩ። እንደ እውነቱ ከሆነ ያመጡትም ሳይሆኑ አይቀሩም።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው ቅዳሜ ዕለት በሰው ፊት ያፈሩት። የወንዙ የእግር ድልድይ ጣውላው በስብሶ ተማሪው ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ መሻገር ከጀመረ ወራት አልፏል። ኮሚቴው ሃያ አራት ጣውላ አዘዛቸው። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ሲያስረክቡ ሊቀመንበሩ፣ በጡረታ ያሉ የሒሳብ መምህር፣ አንዱን ጣውላ በሌላው ላይ አጋድመው ጎንበስ አሉና በመካከሉ አዩ። «ማዶ ያለው ዛፍ በዚህ በኩል ይታየኛል» አሉ። ሰው ሳቀ። አባ ብርቱ «እንጨቱ ነው የጠመመው!» ብለው ተቆጡ። ሊቀመንበሩም በትሕትና «ስምንቱም ወደ አንድ ወገን ነው የጠመሙት?» ብለው ጠየቁ። ከዚያም እስከ ሐሙስ ቀነ ገደብ ሰጧቸው፤ ሐሙስ ስምንት ቀጥ ያለ ጣውላ ካልቀረበ ትእዛዙ ትልቅ ማሽን ላለው መሰንጠቂያ ቤት ይሄዳል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና፣ አንዴ ይህ ከሆነ በኋላ አባ ብርቱን ማን ይጠራቸዋል? ሁለት ሌሊት በጎናቸው ሲገላበጡ ያደሩት ይህን እያሰቡ ነው።

ባለሱቁ ሲገቡ እንዳያቸው ከመስታወቱ ጀርባ ያለውን የኤሌክትሪክ የሰንሰለት መሳያ ማሽን በጨርቅ መወልወል ጀመረ። ያልሸጠውን ዕቃ ያልወለወለ ነጋዴ መቼም ታይቶ አይታወቅም።

«ጋሼ፣ መጡልኝ? ይሄ እኮ ራሱ ይስላል። እርስዎ ቁልፉን ብቻ ይጫኑ፤ ሌላው የእሱ ጉዳይ ነው። እንደተነጋገርነው ቤት የሰቀሏትን አሮጌዋን መጋዝ በለውጥ እወስዳለሁ።»

የወንድማቸው ልጅ ከበሩ ተመለሰች። በቴክኒክ ኮሌጅ ማሽን ተምራ በአንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ የጥገና ሠራተኛ ናት፤ የመሣሪያ ወሬ ስትሰማ እግሯ ራሱ ይመልሳታል።

«አሮጌዋን? ያቺን የመጀመሪያዋን?» አለች። «ስምዎን ያወጣችልዎትን?»

«ምን ላድርግ ልጄ!» አሉ አባ ብርቱ፤ ሊናገሩት የፈሩትን ነገር ሁሉ እዚያው አፈረጡት። ስለ ድልድዩ፣ ስለ ሊቀመንበሩ፣ ስለ ሳቁ። «ሰንሰለቴ ደንዟል፤ እንጨቱም ጠማማ ነው። ከተማ ያለው መጋዝ የሚስል ሰው ጋ ብወስደው ሦስት ቀን ያስቀምጥብኛል፣ ሲመልስልኝም ጥርሱን ግማሹን በልቶት፣ ጫፉን እንደ ከሰል አቃጥሎ ነው። ሐሙስ ደግሞ ከፊቴ ቆሟል። ማሽን ከመግዛት በቀር ምን ቀረኝ?»

«አጎቴ፣ ባይቆጡኝ ጥቂት ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«ማሽኑ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። እርስዎ የሚውሉት ጫካ ነው። እኩለ ቀን ላይ ቢደንዝብዎት የት ይሰኩታል? ከግንዱ ላይ?»

ባለሱቁ ሳል ያዘው። አባ ብርቱ ግን «ጠዋት ስዬ እወጣለሁ» አሉ።

«መልካም። የመጋዝ ጥርስ ግን አንድ ድንጋይ ቢነካ፣ አንድ ሚስማር ቢያገኝ በዚያው ቅጽበት ይሞታል፤ እስከ ነገ ጠዋት አይጠብቅም። ደግሞስ የከተማው ሰው ጥርሱን የሚያቃጥለው በምን ይመስልዎታል? ይህንኑ በመሰለ ማሽን ነው እኮ። የሚሽከረከረው ድንጋይ ባልለመደ እጅ ትንሽ ከቆየ ብረቱን ያግለዋል። የጋለ ጥርስ ደግሞ ጥንካሬው ይወጣል፤ ያን ዕለት የተሳለ መስሎ በማግስቱ ይደንዛል። ማሽኑ መጥፎ ነው አልልም። በቀን ሃያና ሠላሳ ሰንሰለት ለሚቀበል ሱቅ ጥሩ ነው። ሁለት መጋዝ ላለው ሰው ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን እፈራለሁ።»

«ታዲያ አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ክብ ሞረድ» አለች።

አባ ብርቱ ሳቁ። ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነበር፤ ደስታ ግን አልነበረበትም። «ሞረድማ አለኝ። ጫፍ ጫፉን አልፎ አልፎ አሻሸዋለሁ። እሱ የቸገረው ሰው መላ ነው ልጄ። እኔ እኮ ለሠላሳ አንድ ዓመት ነው መጋዝ የያዝኩት! ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ሲባል አልሰማሽም?»

ልጅቷ ወደ መሬት አየች። በትምህርቱ የሚኮራ ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር፤ እሷ ግን ይበልጥ ዝቅ አደረገችው።

«ሰምቻለሁ አጎቴ። ሌላም የሰማሁት ነገር አለ። አባቴ በሞተ ዓመት ኮሌጅ ልገባ ስል ሻንጣዬን እስከ አውቶቡሱ የተሸከሙልኝ እርስዎ ነበሩ። ምን እንዳሉኝ ያስታውሳሉ?»

«ብዙ ነገር ብዬ ይሆናል። አፌ መቼ ያርፋል!»

«‹ሂጂና እኔ የማላውቀውን ተምረሽ ነይ፤ የማውቀውንማ ለምን ትደክሚበታለሽ› ነው ያሉኝ። እኔም እሺ ብዬ ሄድኩ። ይኸው መጣሁ።»

አባ ብርቱ ባርኔጣቸውን አወለቁና እንደገና አደረጉት። ሰው የገዛ ንግግሩ ተመልሶ ሲመጣበት የሚሸሽበት የለውም።

«እስከ ነገ ምሳ» አሉ በመጨረሻ። «እስከ ነገ ምሳ ድረስ እሰማሻለሁ። ካልሆነ ማሽኑን እወስዳለሁ።»

ባለሱቁ ክብ ሞረዶቹን ከመሳቢያው ሥር፣ አቧራ ከጠጡበት አወጣ። ልጅቷ መጋዙን ከጆንያው ገልጣ ሞረዶቹን አንድ በአንድ በጥርሱ ጉድጓድ ውስጥ እያስተኛች ለካች።

«ክብ ሞረድ ሁሉ አንድ አይደለም። ልኩ በሰንሰለቱ ካርቶን ላይ ይጻፋል፤ እርስዎ ካርቶኑን ጥለውታል አይደል? ግድ የለም። ይሄኛው ቀጭን ነው፣ ጥርሱን ከሥሩ ይቦረቡረዋል። ይሄ ደግሞ ወፍራም ነው። ይሄን ይዩት፦ ከውፍረቱ አምስት እጅ አንዱ ብቻ ከጥርሱ ጫፍ በላይ ብቅ ብሏል። ልኩ ይህ ነው።» መስመር የተሰመረባትን ትንሽ የማዕዘን መሪ ቆርቆሮና አንድ ጠፍጣፋ ሞረድ ጨመረችበት። የሦስቱ ዋጋ ተደምሮ ከአንድ ጥንድ የሥራ ጓንት አልበለጠም። ባለሱቁ ዋጋውን ሲናገር ድምፁ ውስጥ ቅሬታ ነበረበት።

ግቢ እንደገቡ አባ ብርቱ መጀመሪያ ያሉት «በሩን ዝጉት፣ ቆራጮቹ እንዳያዩኝ» ነው። ልብስ ሲያሰጡ የነበሩት ባለቤታቸው የያዙትን ሞረድ አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«እሰይ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ ሰምቼ ነበር፤ አንተ ግን ዛሬ ለቀቅህ መሰለኝ!»

«ገና አልለቀቅኩም» አሉ አባ ብርቱ።

ልጅቷ ከጓሮ ያለውን ጉማጅ በአሮጌዋ መጋዝ መሃሉን ሰነጠቀችው። በጆንያ የመጣው የትልቁ መጋዝ ሞተር እንደጠፋ አረጋገጠች፣ ጓንቷን አጠለቀች፤ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን ረጅም ብረት፣ ቆራጮቹ «ምላስ» የሚሉትን፣ በስንጥቁ አስገብታ በሁለት ሽብልቅ አጠበቀችው። መጋዙ ንቅንቅ አላለም። «ይኸው ሞርሳ» አለች። «ይህንንስ አልገዛንም።» ቀጥላ ከቦርሳዋ ቀይ የጥፍር ቀለም አውጥታ አንዱን ጥርስ ቀባችው።

«ምንድን ነው ይሄ? መጋዜን ልትድሪያት ነው?»

«ከየት እንደጀመርን እንዳይጠፋን ነው። ዞሮ እዚህ ሲመጣ አለቀ ማለት ነው።» ከዚያ አንድ ክብሪት በአንደኛው ጥርስ ርዝመት ልክ ቆረጠችና ሰጠቻቸው። «አሁን እርስዎ ይለኩ፤ እኔ ዝም እላለሁ። ጥርሶቹ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ እያሉ ነው የተሰለፉት። መጀመሪያ የግራዎቹን።»

አባ ብርቱ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። የመጀመሪያው የግራ ጥርስ ከክብሪቱ ጋር እኩል ሆነ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እኩል ሆኑ። ወደ ቀኞቹ ዞሩ። የመጀመሪያው የቀኝ ጥርስ ከክብሪቱ አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ሁሉንም ለኩ፤ የቀኞቹ ሁሉ ረጃጅም ነበሩ። ክብሪቷን አገላብጠው የመጀመሪያውን እንደገና ለኩ።

«ለምን?» አሉ በመጨረሻ።

«ሲያሻሹ የግራዎቹን በየትኛው እጅ ነው የሚገፉት?»

«በቀኜ ነዋ።»

«የቀኞቹንስ?»

«በግራዬ። ግራዬ እንኳ ያን ያህል…» ብለው ግራ እጃቸውን አዩ።

«ቀኝ ክንድዎ ብርቱ ነው» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «በጫነ ቁጥር ብዙ ይበላል። ግራዎ ደግሞ ገራገር ነው። ስለዚህ በአንድ ወገን ያሉት አጥረው፣ በሌላው ያሉት ረዝመው ቀሩ። ረጃጅሞቹ መጋዙን ወደ ራሳቸው ይጎትቱታል። እርስዎ ደግሞ አልሄድም ሲልዎት ይጫኑታል፤ በተጫኑት ቁጥር ይበልጥ ይጠምማል።»

«አዲስ ሰንሰለት ባስገባሁ ሰሞን ቀጥ ይልልኛል» አሉ አባ ብርቱ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ከወር በኋላ መጥመም ይጀምራል። እኔ ደግሞ ከታችኛው ጫካ የመጣ እንጨት ነው፣ ነፋስ የመታው ነው፣ ሥሩ ውሃ የጠጣ ነው እላለሁ። ስንቱን ዛፍ ረገምኩት!» ሰዎች የሚያወድሱት ያ ክንድ ራሱ ነበር ጥፋተኛው። ይህን ማወቅ ከቅዳሜው ሳቅ የበለጠ አመማቸው፤ ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳልና ግን የሚከራከሩበት አልቀረም።

ባለቤታቸው ከልብሱ ገመድ ወዲያ ሆነው ሊያሾፉ አፋቸውን ከፈቱ፤ የሰውየውን ፊት ሲያዩ ግን ተመልሰው ዘጉት። አንድ ብርጭቆ ውሃ አምጥተው ሰጧቸው።

«እሺ አስተማሪዬ» አሉ አባ ብርቱ ከጠጡ በኋላ። «አሁን ምን እናድርግ?»

«ልኩን የሚወስነው አጭሩ ጥርስ ነው። ረጃጅሞቹን እሱ ልክ እስኪደርሱ እናወርዳለን። ከዚያ በኋላ ለሁሉም እኩል ቁጥር፤ ሦስት ከሆነ ሦስት ነው። ሞረዱ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል፤ ሲመለስ ከጥርሱ ይነሣል። አቅጣጫውን መሪዋ ቆርቆሮ ላይ ካለው መስመር ጋር ያስተካክሉ።»

አባ ብርቱ ሞረዱን ያዙና እንደ ልማዳቸው ገፉት። ሲጢጥ የሚለው ድምፅ የባለቤታቸውን ጥርስ አፋጨ።

«አይጫኑት አጎቴ። ሞረዱ ራሱ ይብላ።»

«ሳይጫኑት የሚሠራ ነገር አለ እንዴ?»

«አለ። ይሞክሩት።»

ሞከሩት። ሞረዱ ለስለስ ያለ ድምፅ አወጣ፤ ጥርሱ ላይ አንዲት ብሩህ መስመር ታየች። «እህ!» አሉ። ሁለተኛውን ሠሩ፣ ሦስተኛውን ሠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ጀመር። ግራ እጃቸው መጀመሪያ ላይ መስመሩን ሳተ፤ ከቀኙ ጋር እኩል ሠርቶ የማያውቅ እጅ ነውና። ልጅቷ ግን ልርዳዎት አላለችም፤ ይህም ከተማረችው ሁሉ ትልቁ ነገር ነበር። ቀዩ ጥርስ ዞሮ ሲመጣ ክብሪቷ በሁለቱም ወገን እኩል ሆነች። በመጨረሻ ልጅቷ ከየጥርሱ ፊት ያለችውን ትንሽ ጉብታ አሳየቻቸው። «ይቺ ጥርሱ ምን ያህል እንዲጎርስ የምትወስን ናት። ጥርሱ ዝቅ ሲል እሷም በጠፍጣፋው ሞረድ ጥቂት ዝቅ ማለት አለባት። አብዝተው ካወረዷት ግን መጋዙ ሆዳም ይሆንና ከእጅዎ ሊዘል ይችላል።»

«ሆዳምነት ለማንም አይበጅም» አሉ ባለቤታቸው።

ረቡዕ ጠዋት አባ ብርቱ ቆራጮቹ ሁሉ በሚውሉበት ሜዳ ላይ መጋዙን አስነሡ። ምላሱን ግንዱ ላይ አኖሩትና እንደ ልማዳቸው ሊጫኑ ሲሉ፣ መጋዙ ቀድሟቸው ገባ። በእግራቸው ሥር የተቆለለው ያ የለመዱት ደቃቅ ብናኝ አልነበረም፤ ሰፋፊ ፍቅፋቂ ነበር። ቅንድባቸው ንጹሕ እንደሆነ አምስት ጣውላ ወጣ። ነዳጁ አለቀ። አሁን ክፉው ሰዓት መጣ። ልጅቷ «ነዳጅ በሞሉ ቁጥር ሁለት ሁለት ጊዜ ብቻ ሞረዱን ያሳልፉበት፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና በእርጋታ ይሁን» ብላቸው ነበር። እዚህ ግን የሚዘጋ በር የለም፤ ስምንት ቆራጭ በዙሪያቸው ቆሟል።

ሞረዱ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ጥቂት ዳበሱት። ሳይሞርዱ ቢቀጥሉስ? ሦስት ጣውላ ነው የቀረው፤ በክንድ ሊወጣ ይችላል። ቀና ብለው ወደ ወንዙ አዩ፤ አንዲት ተማሪ ደብተሯን በጥርሷ ነክሳ በድንጋዮቹ ላይ ትዘላለች። አባ ብርቱ ግንዱ ላይ ተቀመጡ፤ ሞረዱንም አወጡ።

ቆራጮቹ ሁሉ ዞረው አዩዋቸው። ከዚያ አንዱ ቆራጭ፣ አፉ የማያርፍ ስለሆነ «ሬዲዮ» የሚሉት፣ ከወዲያ ጮኸ።

«አባ ብርቱ! ሹራቡን ለማን ነው የሚሠሩት?»

«ለድልድዩ!» አሉ ቀና ሳይሉ። «ልኩን ወስጄ ነው የምሠራለት። ያንተም መጋዝ በርዶታል መሰለኝ፤ ብናኝ ብቻ ነው የሚያስነጥሰው!»

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። የዚህ ጊዜው ሳቅ ከአባ ብርቱ ጋር ነበር። ጥቂት ቆይቶ ሬዲዮ ራሱ መጥቶ ጎንበስ አለ፤ ፍቅፋቂውን በመዳፉ ዘግኖ ገለበጠው። «እስቲ ያንን ሞረድ አሳዩኝ» አለ፤ አሁን ግን ድምፁ ዝቅ ብሏል።

ሐሙስ ዕለት ሊቀመንበሩ አንዱን ጣውላ በሌላው ላይ አጋድመው ጎንበስ አሉ። ቆዩ። ጣውላዎቹን ገልብጠው እንደገና አዩ።

«ምንም አይታየኝም» አሉ። «ዓይኔ ነው ወይስ ጣውላው?»

«ጣውላው ነው መምህር» አለ ሬዲዮ።

ሊቀመንበሩ ቀና ብለው የአባ ብርቱን እጅ ጨበጡ። «ትልቁን ማሽን ገዙ ማለት ነው?»

ያን ጊዜ አባ ብርቱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቅዳሜ ዕለት የሳቀው ሰው ሁሉ እዚያ ነበር፤ እሳቸውም እንዲሰማ ፈልገዋል።

«አልገዛሁም። አንድ ክብ ሞረድ ነው የገዛሁት። ቅዳሜ ዕለት እንጨቱ ጠመመ ብዬ ነበር። እንጨቱ አልጠመመም መምህር፤ የጠመምኩት እኔ ነበርኩ። ያቃናችኝ ይህች ልጅ ናት፤ የወንድሜ ልጅ፣ የኔ ልጅ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ብያት ነበር። ይኸው፣ ለአገር በቃ!»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ወንዙ መለሰች፤ እንባዋን ሰው እንዳያየው። በዚያ አካባቢ ጣውላ ቆራጭ ሁሉ በሥራው ላይ በጋለ ብረት የሚተኩሰው ምልክት አለው፤ የአባ ብርቱ ምልክት የታጠፈ ክንድ ነው። በዚያን ቀን ግን ክንዱን ከተኮሱ በኋላ ብረቱን ለልጅቷ ሰጧትና «ከጎኑ አንድ ክብ ጨምሪበት» አሏት። ከዚያ ወዲህ ምልክታቸው ክንድና ክብ ነው።

አሁን በድልድዩ ላይ ተማሪው እየሮጠ ይሻገራል። አባ ብርቱ በሁለት ወር የሚጥሉት ሰንሰለት ግማሽ ዓመት ያገለግላቸዋል፤ ነዳጁ ቀንሷል፤ ማታ ማታ ትከሻቸውን ማሸት የሰለቻቸው ባለቤታቸውም ዐርፈዋል። አሮጌዋ መጋዝ እንደ ተሰቀለች ቤት ውስጥ አለች። ቆራጮቹ ነዳጅ ሲሞሉ በአንድነት ተቀምጠው ይሞርዳሉ፤ ባለሱቁም ክብ ሞረዶቹን ከመሳቢያው ሥር አውጥቶ መስታወቱ ውስጥ ደርድሯቸዋል፤ ይወለውላቸዋልም። ጉልበት መልካም ነው፤ ጉልበት ግን ስለት ሲያገኝ ነው ሥራ የሚሆነው፤ ስለትም ሳይታክቱ ከመቁጠር እንጂ ከውድ ዕቃ አይመጣም።

ከተመለሱት ስምንት ጠማማ ጣውላዎች ሰባቱ ለአጥር ዋሉ። ስምንተኛውን አባ ብርቱ እግር ሠርተውለት ከጉማጁ ፊት አስቀመጡት፤ የግቢያቸው በርም ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን አይዘጋም። አንዱ ወጣት ቆራጭ ጠማማ ጣውላ ተሸክሞ፣ ዛፉን እየረገመ ሲመጣ አባ ብርቱ አይከራከሩትም። ያንን ጠማማ አግዳሚ ወንበር መታ መታ ያደርጉና አንድ ክብሪት ይሰጡታል።

«ቁጭ በል ልጄ» ይሉታል። «ይህንንም የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በል፣ ከግራዎቹ ጀምረህ ለካ።»